እንግዳዋ መቼ ትነሣ?

መጋቢት 8 ቀን 2012፣ ማክሰኞ

በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለዐሥራ አምስት ቀን ነው ተብሏል። ርእሰ መምህራችን አቶ ደግሰው «ቤታችሁ ሆናችሁ አንብቡ» ሲሏቸው የእኔዎቹ ስምንተኛ «ለ»ዎች አጨበጨቡ። ሞኞች። እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ደብተሩ የራሴ ነው።

ከሰዓት በኋላ የገጠር ልጆቼ ዕቃቸውን ተሸክመው ሲወጡ አየሁ። ሰቆጣ ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከቤት በሚመጣላቸው ስንቅ እያደሩ ነው የሚማሩት። ሰሌን፣ ድስት፣ ቢጫ ጀሪካን። ይታየሽ ትእዛዙ ሰሌኗን በራሷ ተሸክማ መጣችና፣ «ቲቸር፣ የሒሳብ መጽሐፉን ላስረክብ ወይስ ልውሰደው?» አለችኝ። ውሰጂው አልኋት። «እስከ መቼ?» እስክትመለሺ። ፊቷ በራ። ለሦስት ነበር የሚካፈሉት፤ መጽሐፍ ለብቻዋ ይዛ አታውቅም።

ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መምህር ልጅ አያበላልጥም ይባላል። እኔ አላበላልጥም፤ ወረቀት ሳርም ብቻ የእሷን አስቀድማለሁ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ትምህርት በሬዲዮ ሊሰጥ ነው አሉ። አከራዬ እትዬ ሠርካለም፣ «ልጁ እጁን ቢያወጣ ሬዲዮው በምን ዓይኑ ያየዋል?» ብለው አሳቁኝ። ቤቴ ገብቼ የስም ዝርዝሬን ሳይ ሳቄ አለቀ። ከሃያ ሰባቱ የገጠር ልጆቼ ሬዲዮ ያለው ዘጠኙ ቤት ነው። ከዘጠኙ የአራቱ ባትሪ ድንጋይ የለውም። ስልክማ አይነሣ። እዚሁ ከተማ እንኳ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል።

ገበያ ግን አልተዘጋም። ሰው ጨው ሳይገዛ አይከርምም። ከየልጆቹ ቤት ባይሆን ከየጎረቤታቸው በየቅዳሜው አንድ ሰው ሰቆጣ ይወጣል። ታዲያ ወረቀቴን ለምን አይወስድልኝም?

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ጨው ተራ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ሃያ ሰባት ወረቀት፣ በካርቦን የተባዛ፣ እያንዳንዱ ላይ ስም። ሰዉ መጀመሪያ መጥሪያ ያደልሁ መስሎት ሸሸኝ። አንዲት እናት «ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ኋላ ሲገባቸው አንዱ አንዱን እየጠራ መጣ።

የይታየሽን የወሰዱት አያቷ አባ ቢምረው ናቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ኪስ ይቀደዳል፤ ቋጠሮ ነው አደራ ሚያውቅ» አሉኝ። አማርኛቸው ኽምጣኛ ኽምጣኛ ይላል፤ የአባቴን አነጋገር አስታወሰኝ።

እግሬ ደርቋል። ደስ ብሎኛል።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ሃያ አንድ ወረቀት ተመለሰ! አንዱ ላይ የበርበሬ ጣት ታትሞበታል፤ አንዱን ፍየል ግማሹን በልታዋለች። አቶ ደግሰው አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ገበያውን ትምህርት ቤት አደረግሽው እኮ» አሉ። እንዲህ መባል ደስ ይለኛል። ይህም ድክመቴ ይጻፍ።

ይታየሽ ሁሉንም አግኝታለች። ግርጌው ላይ፣ «ቲቸር፣ ትምህርት መቼ ይከፈታል? ቀኑን ይንገሩኝ» ብላ ጽፋለች። «ቅርብ ነው፣ ታገሺ» ብዬ መለስሁላት።

አባ ቢምረው እንዳሉኝ አባቷ ትእዛዙ ወረቀቱን ሲገባም ሲወጣም ያነበዋል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል አሉ። የልጁን ትምህርት እንዲህ የሚከታተል አባት! ሌሎቹም እንደሱ በሆኑ።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

የተማሪዬን የምሳውን እናት መሰረትን ከስግደት ስመለስ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ልጄ ካልጋ አይነሣም። ብጠራው አይሰማም፣ ቢሰማም አይመልስም። ያንቺን ቃል ይፈራል፣ ነይልኝ» አለችኝ። የከተማ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከእኔ ቤት አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሄድሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ስለ ትምህርት አንድም ቃል አልተናገርሁትም። አጠገቡ ተቀምጬ ገበጣ አወጣሁና ብቻዬን መጫወት ጀመርሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ቲቸር፣ ያቺን አይደለም፣ ያችኛዋን ነው ሚያነሡት» አለኝ።

ነገም እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ገበያ። ሃያ ሦስት ወረቀት። ምሳው ትናንት ከእናቱ ጋር ምሳ በላ። መሰረት እጄን ሳመችኝ፤ አፈርሁ።

ይታየሽ አሁንም ሁሉንም አግኝታለች። ግርጌው ላይ ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ቀኑን አልነገሩኝም። ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል? እዚህ ሁሉም ነገር ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሉት» ትላለች። ሁሉም ነገር ያለችው ምኑን ይሆን? እርሻውን ይሆናል። «እኔም ቀኑን አላውቀውም። አንቺ ብቻ አንብቢ» ብዬ ጻፍሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ምን ልበላት።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። የዛሬው ሥራ፦ «ከቤታችሁ ኑሮ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ፍጠሩ፤ ከነመልሱ።» ልጆቹ ደከማቸው፤ እስኪ እነሱ መምህር ይሁኑ ብዬ ነው። በራሴ ኮራሁ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳርም ዋልሁ። የፈጠሩት ጥያቄ ዓይነቱ! አንዱ የአባቱን ቀፎ ከነንቡ ቆጥሯል። አንዷ ፍየሎቹን ለጅብ እየቀነሰች ዜሮ አድርሳቸዋለች። ምሳው፣ «አንድ ልጅ በቀን ዐሥራ አራት ሰዓት ቢተኛ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ስንት ሰዓት ይተኛል?» ብሏል።  እርማቱን ትቼ እነሱ ቤት ሄድሁና ገበጣ ተጫወትን። ሁለቴ አሸነፈኝ፤ ሳቀም።

ስመለስ የቀረችኝ የይታየሽ ወረቀት ነበረች። ዛሬ የእሷን መጨረሻ አደረግኋት፤ ጥሩ ነገር ሲመጣ ለኋላ እንደሚያቆይ ሰው። ግን ደክሞኝ ነበር። እንዲህ ትላለች፦

«የአያቴ የአባ ቢምረው ተዝካር ግንቦት 16 ቀን ነው። ከሰቆጣ እኛ ቤት በእግር ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። እንግዳዋ መንገዱን ስላልለመደችው ከየሰዓቱ ጉዞ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ታርፋለች። ድግሱ ሳይጀመር እንድትደርስ ከሰቆጣ መቼ ትነሣ?»

መልስ የለም። ቦታው ባዶ ነው። ይታየሽ መልስ ሳትጽፍ ወረቀት ሰጥታ አታውቅም፤ ቤት መዋል እያሰነፋት ነው። ደግሞ የፈጠራዋ ብዛት፣ አያቷን በቁማቸው ተዝካር አወጣችላቸው! በቀይ «ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው። መልሱ የታለ? 9/10» ብዬ ጻፍሁበት።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

አባ ቢምረውን ልቀልድባቸው ብዬ፣ «አባ፣ ተዝካርዎን በቁምዎ ሊያወጡ ነው አሉ?» አልኋቸው። ሳቅ ነበር የጠበቅሁት። መሬት መሬት እያዩ፣ «ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ይታየሽ፣ በሒሳብ።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በኋላ፣ «አዎ። የኔ ተዝካር ነው፤ ልጄ እንዲያ ብሏል» አሉኝ። የቁም ተዝካር በእኛ አገር ያለ ነው። ሰው የኋላውን ካላመነ፣ ወይም ነፍሱን በጊዜ ላሰናዳ ካለ፣ ሳይሞት ካህናት ጠርቶ ያበላል። እኔ ነኝ ልጅቷን በፈጠራ ያማኋት።

«ታዲያ ልምጣ?» አልሁ፤ ለወጉ።

«መንገዱ አይሆንሽም፣ ልጄ።»

የዋግ ሰው ድግስ ኖሮት እንግዳ ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ከፋኝ። ደግሞ ስድስት ሰዓት መንገድ ማን ይሄዳል አልሁና ተውሁት። ሮጥ ብዬ አንድ እስር ጧፍ ገዛሁና «ለነፍስዎ ይብራ» ብዬ ሰጠኋቸው። እያገላበጡ አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሽማግሌ ሲባል ሆደ ባሻ ነው። ከገበያው እስኪወጡ ሦስት ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ተሰናበቱኝ ብዬ ሦስቴም እጄን አውለበለብሁላቸው።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

አባ ቢምረው አልመጡም፤ ድግሱ ነገ አይደል። ወረቀቱን ተቀብዬ አራት ሰዓት ላይ ጨረስሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራ አልነበረኝም። ፀጉሬን ታጠብሁ፣ ተኛሁ። ስነሣ እትዬ ሠርካለም፣ «ዛሬ ገና ፊትሽ ሰው ሰው አለ» አሉኝ። እውነት ነው፤ እንዲህ ዐርፌ አላውቅም።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልመጡም። የይታየሽ ወረቀት እጄ ላይ ቀረ። ከእነሱ አገር የመጣች ሴት ጨው እየመረጠች ለጓደኛዋ፣ «ያን ሰሞን ማዶ ከበሮው ሲደለቅ አደረ» ስትል ሰማሁ። ለተዝካር ከበሮ ይደለቃል? ካህናቱ ይሆናሉ። ማኅሌት ይሆናል።

ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅኋትም። ሰልፍ ነበረብኝ።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

አባ ቢምረው መጡ። ወረቀት ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈቱና የሰጠኋቸውን ጧፍ፣ እንዳለ፣ አንዱም ሳይነካ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ምነው አባ?»

«በውሸት አላበራሁትም» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ተዝካር አልነበረም። ሰርግ ነበር። ይታየሽን ለወንዝ ማዶ ሰው ዳሯት። ቀበሌው ዕድሜዋን እንዳይጠይቅ ትእዛዙ ለአገሩ ሁሉ «የአባቴ የቁም ተዝካር ነው» ብሎ አስወራ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የሚከፈትበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ልጅቷ ቤት ውላ ምን ትሆናለች፤ ወይ እንደነ እገሌ ልጅ ዓረብ አገር ትጠፋብኛለች አለ። የሚከፈትበትን ቀን እሷ ስንቴ ጠየቀችኝ? ሁለቴ። ሁለቴም በጽሑፍ።

«ልጄ አፌን በስመ ሥላሴ አሰረኝ» አሉ አባ ቢምረው። «እኔ አልነግርሽም፤ ብትጠይቂኝ ግን አልዋሽሽም ብዬ ነበር ሚመጣው። ተዝካርዎ ነው ወይ አልሽኝ። ያ ልጄ ያለው ነው፣ እሱን ነገርሁሽ። የማን ድግስ ነው በይኝ፣ ልጅቷስ በይኝ ብዬ፣ ያን ለት ሦስት ጊዜ ዞርሁልሽ።»

እኔ እጄን አውለበለብሁላቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልሁ ለልጆች የማስተምር እኔ ነኝ። አባቷ ወረቀቱን እንደሚያነብ ሲነግሩኝ ያመሰገንሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ በአባቷ ዓይን ሥር የሚያልፍ አንድ መንገድ ፈልጋ፣ አባቷ ራሱ ባስወራው ቃል ጠቅልላ፣ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ እንግዳዋን ሳይቀር ጽፋ ላከችልኝ። መንገድ ያልለመደች ሴት። ሰቆጣ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንን ታውቃለች?

ዘጠኝ ከዐሥር ሰጠኋት።

ሰኔ 2

አቶ ደግሰው፦ «ካለፈ በኋላ ክስ ነው እንጂ ማዳን አይሆንም። ቢሆንም እንክሰስ።» ማመልከቻውን እኔ ጻፍሁ።  ወረቀቷን አባሪ ላድርግ ብዬ ነበር፤ ለካ መልሼ ልኬላታለሁ። በቀይ ጽፌበት።

ሰኔ 13፣ ቅዳሜ

ጨው ተራ ተቀመጥሁ። አሁን እያንዳንዱን ሰው አጥብቄ እጠይቃለሁ። ልጅቷ ደህና ናት? ትበላለች? ትስቃለች? ቤት ውስጥ ድግስ አለ? አንዱ አባት ተቆጥቶ፣ «አንቺ ሒሳብ ነው ወይስ ጓዳ የምታስተምሪ?» አለኝ። ሁለቱንም አልሁት።

የተማሪዬ የፍቅርአዲስ አያት ግን ቆም ብለው፣ «እኛንም ሚጠይቀን ሰው አለ፤ ዕድሜ ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ አልገባ አለኝ።

ሐምሌ 21

ዝናብ። ወንዙ ሞልቶ ማዶ የሚሻገር የለም። በቀይ እስክሪብቶ ማረም ትቻለሁ። ምሳው ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ አለቀብኝ ብዬ ዋሸሁት። ልጁ እየበላ ነው፣ እያነበበም ነው። መሰረት ያየችውን ሁሉ፣ «ልጄን ያዳነች እሷ ናት» ትላለች። አምስት ደቂቃ መንገድ ሄጄ አዳንሁት። ይህን በሰማሁ ቁጥር መንገድ ልቀይር ያምረኛል።

መስከረም 29 ቀን 2013

ትምህርት ሊከፈት ነው። ስምንተኛዎች ተጠርተው የማካካሻ ትምህርት ወስደው ይፈተናሉ። የገጠር ልጆቼን ስም ዝርዝር ጻፍሁ። ሃያ ሰባተኛዋን መስመር ባዶ ለመተው እጄ እንቢ አለ፤ ስሟን ጻፍሁት። ነገ አባ ቢምረው ለገበያ ይመጣሉ። እሑድ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

ሄጄ መጣሁ። እዚያው አንዲት መበለት ቤት አድሬ ነው የተመለስሁ።

አባ ቢምረው በመንገድ ብዙ አላወሩም። ዐቀበቱ ላይ እየቆሙ ይጠብቁኛል። የትእዛዙን ቤት በዱላቸው አሳዩኝ፤ ሳንገባ አለፍን። ወንዙን ተሻግረን የባሏ ቤተሰቦች ቤት ደረስን። እሷ የገብሱ ማሳ ዳር ወፍ ትጠብቃለች። መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ ሻሽ አስራ ቁመቷ ያጠረ መሰለኝ። እሷ ግን ከሩቅ አወቀችኝና ወንጭፉን ጥላ መጣች። ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ነጠላዋን ወደ ሆዷ ሰብሰብ አደረገች።

አማቷ ወተት አመጡልን። ደግ ሴት ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑልኝ ይቀለኝ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ፈተና አለ፣ ስሟ ተጽፏል አልሁ። «እሱ ሲመጣ እንነግረዋለን» አሉ። ይታየሽ የብርጭቆውን አፍ ዙሪያ በጣቷ ዳሰሰች። ብቻችንን ስንሆን፣ ከእኔ ጋር ነይ፣ እኔ ቤት ተቀመጪ፣ ክሱም አለ አልኋት።

«አሁን ልምጣ ቲቸር? እንዲህ ሆኜ?» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። አልገባኝም፣ አላስተዋልሁም፣ ደክሞኝ ነበር አልሁ። እያለቀስሁ ነበር። እሷ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እንባዬን ጠረገችልኝ። እኔ ነኝ ላባብላት የሄድሁ።

«መጽሐፉን ላስረክብ?» አለችኝ። ሮጣ ገብታ አመጣችው፤ በማዳበሪያ ላስቲክ ለብዷል። ከውስጡ ያቺ ወረቀት አለች። ተይው፣ ያንቺ ይሁን አልኋት። «እስከ መቼ?» አላለችኝም።

ልወጣ ስል እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ የነበረው ድምፅ ነው፤ «የዚያች ጥያቄ መልስ ስንት ነበር? እኔ እንኳ ሠርቼው ነበር። እርስዎ እንዲሠሩት ብዬ ነው ባዶውን የተውሁት።»

  በኋላ ጽፌ እልክልሻለሁ አልኋት።

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ለይታየሽ ትእዛዙ፣ የጥያቄሽ መልስ።

መንገዱ ስድስት ሰዓት ነው። ዕረፍቱ አምስት ጊዜ ዐሥር ደቂቃ፣ ሃምሳ ደቂቃ ይሆናል፤ ስትደርስ አታርፍምና። ድምሩ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።

እንግዳዋ ግንቦት 15 ቀን ሥራዋን ጨርሳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ብትነሣ፣ እናንተ ቤት የምትደርሰው ለዐሥራ አንድ ዐሥር ጉዳይ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ድግሱ በማግሥቱ ነው።

ትደርስ ነበር።